ሳልጠይቅ የቆረጥኩት ሳህን

መቀሱን ለችግኝ ጣቢያው ንብረት ክፍል ያስረከብኩት ግንቦት ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ «የቆርቆሮ መቀስ አንድ፣ የእንጨት መዶሻ ሁለት፣ ሞረድ ሦስት፣ ፒንሳ አንድ» ተብሎ ተጻፈና ፈረምኩ። ግቢው ውስጥ የቆሙትን ወፎች፣ ኤሊዎችና የብረት አበቦች ምን ብለው እንደሚመዘግቧቸው ግራ ገብቷቸው ቆዩና «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» አሏቸው። ዐይኔ የራሴን አውራ ጣት ከመቀሱ አፍ ለይቶ ማየት ካቃተው ወዲህ በስም የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።

የሠራሁት እንጅባራ ዳር ባለው የችግኝ ጣቢያ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በውል አቆይተውኝ ነበር። አሁን ያለችው ኃላፊ ስሰናበት ደብተር ሰጠችኝና አሠራሩን ይጻፉልን፣ ለሚመጣው ሰው ይጠቅማል አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ዐይኔ ስለደከመም ፊደሉን አተልቀዋለሁ። ያልገባው ሰው ይምጣና ይጠይቀኝ፤ ቤቴ ነኝ። አሠራሩ አንድ ገጽ አይሞላም። የቀረውን የምጽፈው የዚህ ሥራ ችግሩ መሥራቱ ላይ ስላልሆነ ነው።

ሙያውን የለመድኩት ዳንግላ ነው፣ ከአያ ፈንቴ። አያ ፈንቴ ገበያው መንገድ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ቤት ነበረችው። ያን ጊዜ ድስት ተበሳ ተብሎ አይጣልም። የድስት ቂጥ እንለጥፋለን፣ ባልዲ እንጠግናለን፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ እናወጣለን። ሰውየው ጠባዩ ክፉ ነበር። ከሰሉ እስኪያያዝ ድረስ ለሰው መልስ አይሰጥም። ሲቆጥር በአውንጊ፣ ሲሳደብ በአማርኛ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ የእናቱን ቋንቋ በስድብ ማበላሸት እንደማይፈልግ ነገረኝ።

ዕቃ ሲመጣለት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ በጣቱ አንጓ ይመታዋል፤ ጤነኛ ከሆነ ይጮኻል፣ ስንጥቅ ካለው ሳል እንደያዘው ሰው ያፈነዋል። ቀጥሎ ይገለብጠውና ቂጡን ያያል። የኛ አገር ሴቶች ዕቃቸው ለሠርግና ለልቅሶ ሰው እየተዋሰው ስለሚደባለቅባቸው ከሥሩ ምልክት ያደርጉበታል። አንዷ በምስማር መስቀል ትጭራለች፣ አንዷ ጆሮው ላይ ክር ታስራለች፣ አንዷ ቀለም ትቀባለች። አያ ፈንቴ የዳንግላን ግማሽ ሰው ምልክት፣ እረኛ ከብቱን በጆሮው ቁርጥ እንደሚለየው ያውቀው ነበር። ሦስተኛው ነገር ጥያቄው ነው።

«የማን ነበረ?»

የማን ነው አይልም። ከመጣው ሰው ፊት ሆኖ ነበረ ነው የሚለው። ሰውየው የእናቴ፣ የጎረቤቴ፣ ብሎ ካወራው ሥራውን ይጀምራል። ካሳለውና ወደ መንገዱ ካየ ዕቃው ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ሳምንት ሥራ ጠፍቶ ቁጭ ባልንበት ጊዜ አንድ ሰው ትልቅ የመዳብ ሳፋ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ መዳብ እኔ ከዚያ በኋላም አላየሁም። አያ ፈንቴ ጠየቀው። ሰውየው አግኝቼው ነው አለ።

«እንግዲያው ያጣው ሰው አለ» ብሎ በእግሩ ገፋ አደረገለት።

እኔ ተናደድኩ። የዚያን ቀን ምሳችን ሳፋው ውስጥ ነበረች። ፊቴን አየና፣ ዕቃ አይናገርም፣ አንተ ግን አፍ አለህ፣ ሳትጠይቅ አትቁረጥ አለኝ። ይህንንም በአውንጊ ነው ያለኝ፤ ስለዚህ ስድብ እንዳልሆነ ገባኝ።

ፕላስቲክ ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። አያ ፈንቴ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፉን ሸጦ ልጁ ዘንድ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። እኔ እንጅባራ ወጣሁና በችግኝ ጣቢያው የውሃ ማጠጫና የእጅ ጋሪ ጠጋኝ ሆኜ በቀን ሥራ ተቀጠርኩ፤ ኋላ ቋሚ አደረጉኝ። ደመወዙ ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል።

የመጀመሪያው ኃላፊ ቦት ጫማው ጭቃ ለይቶት የማያውቅ ሰው ነበር። ወፍ መደቡ ላይ የተዘራውን ዘር ለቅማ ጨረሰችበት። እኔ የተበሳ በራድ አንሥቼ፣ ማንኪያዎች በሽቦ አንጠልጥዬበት፣ ነፋስ ሲመጣ እንዲንቋቋ አድርጌ እንጨት ላይ ሰካሁት። አንድ ሳምንት ፈሩት። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ወፍ መጥታ አናቱ ላይ ተቀመጠች። ኃላፊው ሆዱን ይዞ እየሳቀ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ሲነሣ ሌላም እንድሠራ አዘዘኝ።

«አይፈሩትም እኮ፣ ለምን ይሁን?» አልኩት።

«ለዐይን» አለኝ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ሁለተኛው ኃላፊ ሁሉንም ወርቃማ ቀለም ቅባቸው አለ። በራዱ ሰማያዊ ሆኖ ሰው ቤት ስንት ዘመን የኖረ ነው፣ አልቀባም አልኩ። አንድ ክረምት ሙሉ ፍግ አሸከመኝ። እሱ ተዛወረ፣ እኔ ወደ መቀሴ ተመለስኩ።

አሠራሩን ልጻፍ፣ ደብተሩ የተሰጠኝ ለእሱ ነውና። በራድ ሆዱ የዶሮ ሆድ ነው፤ አፍንጫው አንገት ይሆናል። ማንኪያ እጀታው ሲቆረጥ ላባ ነው። ላባ የሚደረደረው ቤት እንደሚከደን ነው፤ ከጭራ ጀምረህ ወደ አንገት ትወጣለህ፣ ያለዚያ ዝናቡ ሥር ሥሩ ይገባል። ማጥለያ የሱፍ አበባ ይሆናል። የቆርቆሮ አክንባሎ የኤሊ ጀርባ ነው። አሉሚንየም የብየዳ እርሳስ አይይዝለትም፣ አትልፋ፣ ብሳውና በሪቬት ምስማር ምታው። ቅብ ያለው ሳህን ስትቆርጠው ቅቡ ተፈናጥሮ ዐይን ይገባል፤ እርጥብ ጨርቅ ጣልበትና ቀስ በል። የእኔ የግራ ዐይን የሄደው ቀስ ባላልኩበት ቀን ነው። መበየጃህን በዲከረንስ ዛፍ ከሰል አግለው፣ እሳቱ ይቆያል። ከሁሉም በላይ፣ የሠራኸው ሁሉ ከሆዱ ሥር በምስማር ቀዳዳ ይኑረው። የእንጅባራ ዝናብ ቀን አይመርጥም፤ ውሃ ከተኛበት ከውስጥ ይበሰብሳል፣ አንተ ከውጭ ደህና ነው ትላለህ።

ሰው እየሰማ መጣ። መሥሪያ ቤቶች ለበራቸው ዶሮ አስቀመጡ። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ለአበባ መደቡ እርግቦች አሠራኝ። ከዘንገና በኩል የመጡ ገበሬዎች ፈረስ ካልሠራህ ብለው ነዘነዙኝና ከበርሜል ሠራሁላቸው። አንዱ ፈረሰኛ ዞር ዞር ብሎ አየና እግሩ የአህያ ነው አለ። እውነቱን ነበር። ዕቃ የማገኘው ከአዘና ገበያና በየሰፈሩ ከሚዞረው ቆራሌ ነው። ሁሉንም እገለብጣለሁ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አልጠየቅሁም።

ከተማው ውስጥ አንድ ነጋዴ የእንግዳ ማረፊያ ሠራና ለምርቃቱ በሩ ላይ ጣዎስ እንዲቆምለት ፈለገ። ስልኩ ላይ ሥዕሏን አሳየኝ። እኔ በዕድሜዬ ጣዎስ አይቼ አላውቅም። ጭራዋ ብቻ የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህላል። በአሥራ አምስት ቀን ይድረስልኝ አለ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ስሜ በሥራው ይጠራል ብዬ ተቀበልኩ። ገላውን ከሁለት ጎላ ብረት ድስት አወጣሁ። ጭራው ላይ ስደርስ ሥራው ቆመብኝ። እኩል የሆነ፣ የሚያበራ ብዙ ሳህን ከየት ይመጣል?

በአሥረኛው ቀን ቆራሌው ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ዘርግፎ ሳየው አርባ የማይዝግ ሳህን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። አንዱን አንሥቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ ሦስት ቀይ ነጥብ አለ፣ በጥፍር ቀለም፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ። ሁለተኛውን ገለበጥኩ፣ እንደዚያው። አንድ ቤት አርባ ሳህን የለውም። አርባ ሳህን ያለው የእድር ዕቃ ቤት ነው። ይህን ለማወቅ አያ ፈንቴን መሆን አያስፈልግም። የማን እንደሆነም ልቤ ያውቅ ነበር፤ የኛን ሰፈር እድር ምልክት በየልቅሶው በልቼበታለሁ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀኑን ቆጠርኩ፣ አምስት ቀረኝ። እድሩ አሮጌውን ሸጦ አዲስ ሊገዛ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ቆራሌው እኔን እያየ ይጠብቃል። እኔ ያልኩት «አስቀምጠው» ነው።

ነጋዴው ጣዎሷ ከሁለቱም ወገን እንድትታይ ስለፈለገ ነጥቡ መጥፋት ነበረበት። በሞረድ አንድ በአንድ ፋቅሁት። ከዚያ ሳህኖቹን በቅጠል ቅርጽ ቆረጥኩና መካከላቸው ላይ ሰማያዊ ዐይን ቀባሁ። ምርቃቱ ላይ ሰው አጨበጨበ። ባለባጃጆች እየቆሙ ፎቶ ያነሡ ነበር። እኔም አጠገቧ ቆሜ ተነሥቻለሁ፤ ፎቶው አሁን የት እንዳለ አላውቅም፣ አልፈልገውምም።

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ዐረፈ። ሴቶቹ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ሲገቡ የሳህኑ መደርደሪያ ባዶ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። ቁልፉ ያለው ደግሞ እትዬ ጥሩ እጅ ነው።

እትዬ ጥሩ የእኔ ጎረቤት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ብዙ የማንራራቅ። የእድሩን ዕቃ እሷ ናት የምትጠብቀው። ሦስቱን ነጥብ የቀባችውም እሷ ናት። ዕቃ ስታወጣ ቆጥራ ትሰጣለች፣ ስትረከብ ቆጥራ ትቀበላለች። ማንኪያ የጎደለበት ሰው ልቅሶ ቤት ቢሆን እንኳ አትለቀውም። ሰው በዚህ ያማት ነበር፣ ግን ዕቃው ጎድሎ አያውቅም።

የዚያን ቀን ልቅሶኛ ከአዘና በኩል በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ ሳህን ተራ ጠበቀ። ለሽማግሌዎች ከየቤቱ ተለቅሞ ተሰጠ፤ ለሌላው በፌስታል። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። የደረሰኝን ሳህን አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁት። ከኋላዬ አንዱ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው እያለ ሌባ ለምን ይፈለጋል አለ። እትዬ ጥሩ የእጅ ውሃ ይዛ ከፊቱ ቆማ ነበር። ውሃውን አፍስሳለት አለፈች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ያልተጠየቀ አይመልስም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ግትር ሰው ሰበብ አያጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በበሯ ሳልፍ የቀርከሃ አጥሯን ይዛ ቆማ እንደምን አደሩ ትለኛለች፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ገበያ ላይ ሴቶች እሷን ሲያዩ ድምፅ እንደሚቀንሱ አይቻለሁ። ልጇ ዳንግላ ሱቅ አላት፤ ሳህኑ እዚያ ነው የሄደው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

የእድሩ ስብሰባ ደረሰ። እትዬ ጥሩ ተነሥታ ቁልፉን ዳኛው አቶ ይግዛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የቀረውን ቆጥራችሁ ተረከቡኝ» አለች።

ተይ ያላት የለም። እኔ የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው። ቁልፉ ከተቀመጠ በኋላ። ከቆራሌው ጆንያ ጀምሬ እስከ ሞረዱ ድረስ ተናገርኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። አቶ ይግዛው መነጽሩን አወለቀ።

«ሳህናችን ማረፊያው በር ላይ ጭራዋን ነፍታ ቆማለች በለኛ።»

ሰው ሳቀ። እትዬ ጥሩ አልሳቀችም።

ተያይዘን በባጃጅ ሄድን። ባለማረፊያው ያን ሁሉ ሰው ሲያይ እንግዳ መስሎት ሁለቱንም በር ከፈተ። እትዬ ጥሩ በጣዎሷ ኋላ ዞረች። የእያንዳንዱን ላባ ጀርባ በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች፣ ዕቃ ስትረከብ እንደምታደርገው እየቆጠረች። አንዱ ላይ ቆመች። ችኩል ስለነበርኩ የአንዱ ነጥብ ቅላት አልጠፋም ነበር። ሁልጊዜ እርስዎ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

«ምልክቴን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እጅህ ሲሞርድ ዐይንህ ያይ ነበር?»

«ያይ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ባለማረፊያው ነገሩ ሲገባው ጣዎሷን ውሰዱ አለ። አንዷ ሴት፣ በጣዎስ ጭራ ወጥ አይቀርብ፣ እዚሁ ይኑርልህ አለችው።

በማግስቱ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከኋላ በኩል የአንድ ቆርቆሮ ምስማሮች አዲስ ናቸው፣ ያበራሉ። ነቅለው ገብተው መልሰው መትተውታል። ዕድሜዬን በቆርቆሮ የጨረስኩ ሰው የመጀመሪያው ቀን አንጋጥጬ ባይ ኖሮ አየው ነበር። ሳህኑን ተካሁ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ሽማግሌዎች እትዬ ጥሩ ቤት ሄደው ይቅርታ ብለው ቁልፉን አቀረቡላት። አንዴ የተጠረጠረ እጅ ቁልፍ አይይዝም ብላ መለሰቻቸው። ቁልፉን ሌላ ሰው ያዘው። እኔን ስታየኝ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ሰላምታዋ እሱ ሆነ። ሰባት ዓመት እንደዚህ ኖርን። በማረፊያው በር ላለማለፍ ገበያ የምሄደው በላይኛው መንገድ ነው።

መቀሱን ባስረከብኩ በወሩ፣ ሰኔ ገብቶ፣ ካፊያ ባለበት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩ ናት። ሰማያዊ በራድ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ቂጡ ተበስቷል። ወፍ ያድርጉልኝ።»

መቀስ ማስረከቤን፣ ዐይኔም እንደሌለ ነገርኳት። ከነጠላዋ ሥር መቀሱን አወጣች። የእኔው መቀስ ነው፣ እጀታው ላይ የጠመጠምኩት ጨርቅ እንዳለ።

«ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ፈርሜ አመጣሁት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይመለሳል ብያለሁ።»

እጄ ልማዱን ያውቃል። በራዱን አንሥቼ በጣቴ አንጓ መታሁት፣ ጮኸ። ገለበጥኩት። ማየቱ ቢያቅተኝ ዳሰስኩት፤ የቀለም መሥመር አለ።

«የማን ነበረ?»

ወደ መንገዱ አየች። የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ሲዳሯት እናቷ ዳንግላ ገበያ የገዛችላት ነው። አረንጓዴው መሥመር ባሏ በር ሲቀባ ከተረፈው ቀለም ነው፤ ራሱ ነው ያሠመረላት፣ ጠማማ ብላ ስቃበት ነበር። ታሞ ሲተኛ ፊቱን የምታጥበው በዚያ ነበር። እኔ ሳልቆርጥ ሰማሁ።

እሷ ይዛልኝ እኔ ቆረጥኩ። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያለች መቀሱን መራችው። ቂጡ ጋ ስንደርስ እጇን ጫነችው።

«ይኼን መሥመር ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ደረቷ ላይ ነው የሚሆን። ከመንገድ ይታያል።»

እጇን አነሣችና መያዟን ቀጠለች። የሆዱን ቀዳዳ ራሷ በምስማር በሳችው። ወፏ አላማረችም። አንገቷ ጠማማ ነው፣ ላባዋም እኩል አልመጣም። ድሮ ብሠራው አፍርሼ እንደገና እጀምረው ነበር። አሁን አጥሯ ላይ ደረቷን ለመንገዱ ሰጥታ ቆማለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አብረን ወደ ችግኝ ጣቢያው ወረድን። እግሬን አሞኛል ብላትም ይምጡ አለችኝ። ንብረት ክፍሏ ውስጥ ያለችው ልጅ ስልኳን እያየች መቀሱን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ ወርወር አደረገችው።

«ቆጥረሽ ተረከቢ እንጂ» አለቻት እትዬ ጥሩ።

«አንድ እኮ ናት፣ እማማ።»

«አንድም ይቆጠራል።»

ልጅቷ ስልኳን አስቀመጠች። መቀሱን አወረደች፣ ወረቀቱን አወጣች። እትዬ ጥሩ ፈርማ ስትጨርስ «እርስዎም ይፈርሙ» ብላ ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ።